ስሙን ገዛሁ፣ መኪናዋን ሐረጎ ላይ አወቅኋት

መጋቢት 2014 ዓ.ም. ነው። ከሥራ ወጥቼ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተመለስኩ የሐረጎን ዳገት ግማሽ ያህል እንደወጣሁ መኪናዋን ጉልበት ከዳት። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተልም። ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ጩኸቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ወረደ፤ በመጨረሻ በእግሩ ከሚሄድ ሰው እኩል ሆንን። ከኋላዬ ጭነት የያዘ ተሳቢ አለ፣ ከሱ ኋላ ሁለት ሚኒባስ። ጥጉን ይዤ ቆምኩና የእጅ ፍሬን ስቤ ወረድኩ። የአንዱ ሚኒባስ ረዳት ሮጦ መጥቶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፈልኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ ይቺ መኪና እኮ አትሞትም። ሙቀት ነው፣ ትንሽ ትረፍ» አለኝ።

ሙቀት አልነበረም። ካምቢዮው፣ ማርሽ የሚቀይረው ክፍል፣ ነበር ያለቀው። ልጁ ግን ከልቡ ነው የተናገረው፤ እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደሱ ነበር የማምነው። ይህንን የምጽፈው አሁንም እንደዚያ አምነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ወደ ገበያ ለሚወጡ ሰዎች ነው።

የብራንዱን ስም አልጠራም። ከደረሰብኝ ነገር ውስጥ ፋብሪካው የሚጠየቅበት ስንቱ እንደሆነ፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የመጣው ስንቱ እንደሆነ ለይቼ መናገር ከባድ ነው። ደግሞም ነገሩ ገበያ ላይ «ስም አላት» የምትባለውን ማንኛዋንም መኪና ይመለከታል።

የምኖረው ደሴ ሆጤ ነው፤ ኮምቦልቻ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱን ለሰማ ሰው ምንም አይደለም። ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ልዩነቱን ሁሉ በየቀኑ የሚከፍለው መኪናው ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ። ስለዚህ ደሴ ላይ የምትነዱት መኪና ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩቡን ያህል ትቶ የመጣ ነው። ይህንን መኪና ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ያልጠየቅኩት ስሙ ስለበቃኝ ነው። አባቴ ሹፌር ነበር። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ እህል እየጫነ ገጠር ለገጠር የዞረበትን የዚያን ብራንድ ባለ ዲዝል መኪና እስኪሞት ድረስ ሲያወራ ኖሯል። በወንዝ ውስጥ ያልፋል፣ ጭቃ አይዘውም፣ ማጣሪያውን በእጁ አራግፎ ይመልሰዋል፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል። እኛ ልጆቹ የብራንዱን ስም የተማርነው ከጥንካሬ ጋር አንድ ላይ ነው። ሠፈሩም እንደዚያው። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ ሠፈርም ሂዱ ፒያሳ፣ መኪና ልገዛ ነው ብላችሁ ስታወሩ መጀመሪያ የምትሰሙት ያንን ስም ነው፤ ከዚያ «መለዋወጫዋ የትም አለ፣ ስትሸጫትም ዋጋዋ አይወድቅም» ይከተላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ሁለቱም መኪናዋ ስትሰበርና ስትሸጥ የሚሠሩ ናቸው። በመካከል ስላለው፣ ስለምትነዳበት ጊዜ፣ ማንም አላወራኝም።

በኅዳር 2013 አዲስ አበባ ወርጄ በ640 ሺህ ብር ገዛኋት። ባለ 1,300 ሲሲ፣ አውቶማቲክ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የተሠራች፣ መቁጠሪያዋ 86,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ። በዚያው ቀን በ3 ዓመት የምታንስ፣ በ120 ሺህ ብር የምትረክስ የሌላ ብራንድ መኪና፣ ማርሽ በእጅ የሚቀየርባት፣ አይቼ ነበር። ደላላው ፊቱን አጨፍግጎ «እሷን ከገዛሽ ከጋራዥ አትወጪም» አለኝ። እኔም ሞተሩን ሳላስፈትሽ፣ አንድ ዳገት እንኳ ሳልወጣባት፣ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ነድቼ ፈረምኩ። የ120 ሺህ ብሩ ልዩነት የስም ዋጋ ነበር።

ስሙ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ተወዷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን የምንገበያየው አገር ውስጥ ያለውኑ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር ታሪኩ እየጠፋ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። ክረምት ሲገባ ሁለት ነገር አስተዋልኩ። ሐረጎን ጉም ሲውጠውና ሲዘንብ የዝናብ መጥረጊያው በእኔ በኩል ያለውን የመስታወት ጥግ ሳይነካ ይመለሳል፤ ከተሳፋሪው ፊት ግን ጥርት አድርጎ ይጠርጋል። ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጡ ሹፌሮች ሁሉ መብራት እያበሩ ይቆጡኛል፤ እኔ አጭር መብራት ነው ያበራሁት። አምፖል ለወጥኩ፣ አልተሻሻለም። የመጥረጊያ ጎማም ለወጥኩ። ሁለቱም ከአንድ ምክንያት የመጡ እንደሆኑ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው።

በዚያው ክረምት ከቆመችበት ስትነሳ መንገጫገጭ ጀመረች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የካምቢዮ ዘይቷ ጠቁሯል ብለው ቀየሩልኝ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳ ሆነች፣ እኔም ተደሰትኩ። የተጨመረላት ግን ለተራ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆን ዘይት ነበር። የእሷ ካምቢዮ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ነው። ይሄኛው እንደ ሌላው ጥርስ ያላቸው ማርሾች እየቀያየረ አይሠራም፤ ሁለት ሾጣጣ ፑሊዎችና በመካከላቸው የሚዞር የብረት ቀበቶ ነው ያለው። ፑሊዎቹ እየሰፉና እየጠበቡ ፍጥነቱን ይለውጣሉ። ቀበቶው ፑሊውን ይዞ የሚዞረው በዘይቱ ባሕርይ ነው። የሲቪቲ ዘይት የብረት በብረት መንሸራተትን እንዲከለክል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሌላ ዘይት ስትጨምሩበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ፑሊውን ይፍቃል፣ የተፋቀ ፑሊ ደግሞ አይድንም። ከላይ ሲታይ ሁለቱም ቀይ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ናቸው። ሠራተኞቹን ክፉ አድርጌ አላያቸውም፤ ኮምቦልቻና ደሴ ያሉ መካኒኮች በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደውን የጭነት መኪና ሁሉ ያነሱ፣ ስለ አይሱዙ ከተነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱና የሚገጥሙ ናቸው። ስለ ሲቪቲ ግን ያስተማራቸው አልነበረም። ማንም እንዳልነገራቸው ማንም ለእኔም አልነገረኝም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱን ሸሽተን ከተማችንን ጥለን ስንወጣ ይህችው መኪና ሰባት ሰው አሳፍራ እየተንገጫገጨች ደብረ ብርሃን አድርሳናለች። ይህንን ካልጻፍኩ እበድላታለሁ።

ከዚያ ሐረጎ ላይ የነገርኳችሁ ቀን መጣ። ደሴ ጢጣ አካባቢ ያለ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ ጋር አስጎተትኳት። እኔ «ጋሼ» የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ካምቢዮውን አውርደው ሲከፍቱት የዘይት ማጠራቀሚያው ታች ላይ እንደ ብር ዱቄት የሚያበራ ብረት ተኝቶበታል። ጣታቸውን ነክረው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ ቀበቶው ነው። ለብዙ ጊዜ ሲፋቅ ቆይቷል፤ አንቺ ጋ ከመምጣቷም በፊት» አሉኝ። ይህን የማምነው በአፋቸው ስለተናገሩት ብቻ አይደለም። ባትሪውን አንስተው የአየር ማጣሪያውን ሲያወልቁ ከኋላው ሽቦ ላይ የተንጠለጠለች፣ አቧራ የበላት ትንሽ ካርድ አገኘን። የተጻፈው በጃፓንኛ ነው። በስልኬ የትርጉም መተግበሪያ ሳነበው የዘይት ቅየራ ካርድ ነው፤ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ተጽፎበታል። ዓመቱ 23 ይላል።

ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ነው የሚቆጥሩት። ሄይሴይ የተባለው ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ጀምሮ በ2019 አበቃ፤ ስለዚህ በሄይሴይ ቁጥሩ ላይ 1988 ስትደምሩ የአውሮፓው ዓመት ይወጣል። 23 ማለት 2011 ነው። ኪሎ ሜትሩ ደግሞ 131,400። እኔ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስገዛት 86,000 ይል የነበረው መቁጠሪያ እንግዲህ አንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ተመልሷል። የት እንደተመለሰ አላውቅም። የሸጠልኝ ሰውም ላያውቅ ይችላል።

ካርዷ ያስረዳችኝ ሌላም ነገር አለ። መኪናዋ የተሠራችው ለጃፓን ገበያ ነው ማለት ነው። ጃፓን በግራ መስመር ነው የሚነዳው፤ መሪያቸውም በቀኝ ነው። እኛ ጋ የገቡት ብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖች መሪያቸው ወደዚህ ሲመጡ፣ በአብዛኛው ዱባይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። ዳሽቦርዱ ተፈትቷል፣ ሽቦው ተቆርጦ ረዝሟል፣ ፔዳሎቹና መሪው ቦታ ለውጠዋል። መጥረጊያው ለቀኝ ተቀማጭ የተሠራ ስለሆነ የእኔን ጥግ የሚተወው ለዚህ ነው። የፊት መብራቱም እንደዚያው፦ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ አጭር መብራት የግራውን የመንገድ ዳር እንዲያሳይ ከፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ እኛ ጋ ሲመጣ ያ ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። ሐረጎ ላይ ማታ ስንት ሰው ዓይን አጥፍቼ ኖሬያለሁ። ቁጣቸው ልክ ነበር። አሁን የመብራቱን አካል ሙሉ በሙሉ ለግራ መሪ መኪና በተሠራው ለውጬዋለሁ፤ አምፖሉን ብቻ መለወጥ ምንም አይፈይድም።

የካምቢዮው ጥገና ሊታሰብ አልቻለም። አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ካምቢዮ በ88 ሺህ ብር አስመጣሁ፤ ከትክክለኛው ዘይትና ከእጅ ዋጋ ጋር 104 ሺህ ገባ። ለስሙ ብዬ ከከፈልኩት 120 ሺህ ጋር ደምሩት።

ከዚያ በኋላ እንደኔ የዚያን ብራንድ መኪና የያዙ ሰዎችን መጠየቅ ጀመርኩ። የማውቃቸውን ሁሉ፣ ቢሮ ያሉትን፣ የሠፈር ሰው፣ መናፈሻ አካባቢ የሚያቆሙትን። ያገኘሁት መልስ ሐሳቤን ቀየረው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአጎቱን የዚያኑ ብራንድ አሮጌ ዲዝል ፒክአፕ ይነዳል፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ፋሻና ብሮንዚን (የፒስተን ቀለበቶችና የሞተር ዘንግ ማቀፊያዎች) ከመቀየሩ በቀር አልተነካም። በእሱ ዘንድ ስሙ እውነት ነው። አንዲት መምህርት የእኔን ዓይነት መኪና ይዛ ሞተሩ በሙቀት ተቃጥሎባታል፦ ባለቤቷ ራዲያተሩን ሁልጊዜ የቧንቧ ውሃ ሲሞላው ኖሮ ውስጡ ዝጎ ተደፍኗል፤ የራዲያተሩ ክዳንም ላልቷል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ግፊቱን የሚይዘውና ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ትንሽ ክዳን ነው። በመጨረሻ ጋርኒሰኑ፣ በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጠለ። ሌላው ደግሞ ኦርጅናል ነው ተብሎ የተሸጠለት የፍሬን ሸራ በሦስት ወር ተበልቷል፤ ካርቶኑ ላይ ስሙ አለ፣ ውስጡ ያለው ግን የፋብሪካው አይደለም። ስም ያለው ብራንድ በዝቶ የሚገለበጥ ብራንድም ነው።

ስለዚህ ሁላችንም «ብራንዱ ከዳን» እንላለን እንጂ የተጎዳነው በየራሳችን ምክንያት ነው። የአባቴ መኪና ቀላል የተሠራ፣ ወፍራም ብረት ያለው፣ ለጭነትና ለገጠር የታሰበ ዲዝል ነው። የእኔዋ ጃፓን ከተማ ውስጥ በባሕር ጠለል ላይ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ የታሰበች ናት። ሁለቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት አንድ ነው። እኔ የከፈልኩት ለአባቴ መኪና ስም ነው፣ የተረከብኩት ሌላ መኪና ነው።

ፋብሪካዎቹንም ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ ላደርግ አልፈልግም። ሲቪቲን የሚሠሩ ኩባንያዎች ለዓመታት ዘይቱ በተለመደ አጠቃቀም መቀየር እንደማያስፈልገው የሚያስመስል መመሪያ ሲጽፉ ኖረዋል። ዳገት፣ ሙቀትና ጭነት የበዛበት መንገድ በራሳቸው መጽሐፍ «ከባድ አገልግሎት» ነው፤ ያ ክፍል ግን በትንሽ ፊደል ከታች ነው የሚገኘው። እኔ አሁን በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በካምቢዮው ቁጥር የታዘዘውን ዘይት፣ ጠርሙሱን በዓይኔ አይቼ አስቀይራለሁ። ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ ማርሹን በዲ ላይ ትቼ ፍሬኑን ብቻ አልጠብቅም፤ ኤል ወይም ቢ የሚል ካለው እሱ ላይ አድርጌ ሞተሩ እንዲይዛት አደርጋለሁ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ በሙቀት ይፈላል፤ የፈላ ቀን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ሐረጎን የሚወርድ ሰው ይሄን አይዝለል።

ልትገዙ ከሆነ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አትዩ፤ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ እዩ። 86,000 የሄደች መኪና ፔዳሏ አይላጭም። በሮቹን ከፍታችሁ ጠርዛቸውን፣ የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ ጥጋጥጉን ፈልጉ፤ የዘይት ካርድ ወይም ተለጣፊ ወረቀት ካለ ፎቶ አንሱት። የሻንሲ ቁጥሩን ቁጠሩ፦ ለሌሎች ገበያዎች የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው 17 ፊደልና ቁጥር አላቸው፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን ከዚያ ያጠረ ነው። መጥረጊያውን በውሃ አስነስታችሁ የት ጥግ እንደሚተው ተመልከቱ። ቁልፉን ስታዞሩ የአየር ከረጢቱ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ከመጀመሪያው ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ከረጢቱ ራሱም ላይኖር ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ከረጢቶች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ሲያረጁ፣ በግጭት ጊዜ ሲነፉ ፈንድተው የብረት ስብርባሪ ስለሚተፉ ብዙ ታላላቅ ብራንዶች በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና ጠርተዋል፤ ኩባንያው ራሱ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለኪሳራ አመልክቷል። ያገለገለ መኪና ገዝተን ላስገባን ሰዎች ያ ጥሪ ቤታችን አይደርስም። የሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ግን ይቻላል፤ ነፃ ነው።

ከሁሉም በላይ ዳገት ይዛችሁ ውጡ። ሻጩ ደሴ ካለ ኮምቦልቻ ድረስ ውረዱና ተመለሱ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ነው እውነቱ የሚወጣው። ነዳጅ ስትሰጡ ጩኸቱ ቀድሞ ፍጥነቱ ከዘገየ፣ ከቆመችበት ስትነሳ ከነቀነቀች፣ ስሟ ምንም ይሁን ተዉዋት። እንቢ ብሎ «ሜዳ ላይ ይበቃል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን መኪናዋን እየሸጥኳት ነው፤ ኮምቦልቻ ቤት ልከራይ ስለሆነ ዳገቱን በየቀኑ መውጣት ይቀርልኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከሐይቅ መጣ። ገና ከበሩ ሲገባ «ስሟ የታወቀ ነው፣ ምን ማየት ያስፈልጋል» አለ። ቡና አስቀመጥኩለትና ፋይሉን አወጣሁ፦ የጃፓኗን ካርድ፣ የካምቢዮውን ደረሰኝ፣ ዘይት የተቀየረባቸውን ቀናት፣ መሪዋ የዞረ መሆኑን የጻፍኩበትን ወረቀት። መቁጠሪያዋ የሚያሳየውና እውነተኛው ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሚራራቁ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ አነበበ። ዋጋዬን ከደላላው ግምት 70 ሺህ ብር ዝቅ አድርጌ ነው የነገርኩት። ደላላው ኋላ ደውሎ ተቆጣኝ።

ወጣቱ ወረቀቶቹን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ቅዳሜ መካኒኩን ይዞ ይመለሳል። እኔ ከጎን እቀመጣለሁ፤ ሐረጎን እሱ ይነዳታል።